የውጭ ታጣቂ ቡድንን ለማስቆም ከኮንግረስ በጀት ማስያዝ፦ ደረጃ በደረጃ

ወደ ኮንግረስ ቢሮ ከሚሄዱት ብዙዎቹ የሚመለሱት ፎቶ ይዘው ነው። ተወካዩ ጨብጧቸዋል። ረዳቷ ማስታወሻ ይዛለች፣ «በጣም ያሳዝናል» ብላለች። ከወራት በኋላ በጀቱ ሲወጣ ግን ስለ እነሱ ጉዳይ አንድ መስመር የለም። «አልሰሙንም» ብለው ይናደዳሉ። ሰምተዋቸዋል። ችግሩ፣ የሰሙት ሐዘን እንጂ ጥያቄ አልነበረም።

የበጀት ጥያቄ አራት ነገር አለው፦ ስንት ዶላር፣ ከየትኛው የበጀት መደብ፣ በየትኛው ንዑስ ኮሚቴ፣ እስከ መቼ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ረዳቷ ጉዳያችሁን የምታስገባበት ቦታ የላትም።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ለምትኖሩና ሲቪሎችን የሚያጠቃ የውጭ ታጣቂ ቡድን እንዲቆም የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ እንዲመድብ ለምትፈልጉ ነው። በምሳሌነት የምይዘው በሰሜን ኡጋንዳ የተነሣውን የጆሴፍ ኮኒን ታጣቂ ቡድን፣ ሎርድስ ሬዚስታንስ አርሚን ነው፤ ከዚህ በኋላ ኤልአርኤ እለዋለሁ። ተራ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች፣ ገፍተው ሕግም ገንዘብም ያስገኙበት ጉዳይ ስለሆነ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ የሕግ መስመሮች

ያለ ክፍያ፣ በራሳችሁ ጊዜ ተወካያችሁን ማነጋገር መብታችሁ ነው። ሎቢስት ሆናችሁ መመዝገብ አያስፈልጋችሁም። ዜግነት ያላገኘ ነዋሪም ቢሮ ገብቶ መናገር ይችላል። ነገር ግን እነዚህን ተጠንቀቁ፦

- ከውጭ መንግሥት ወይም ፓርቲ ገንዘብ ወይም ትእዛዝ አትቀበሉ። ከተቀበላችሁ የ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ሊመለከታችሁ ይችላል። ኤምባሲ «ደብዳቤውን እኛ እናርቅቅላችሁ» ካላችሁ ቁሙና መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ።
- ቤተ እምነታችሁ ወይም ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበራችሁ በስሙ ሎቢ ማድረግ ይችላል፤ ሥራው ግን ከማኅበሩ ጠቅላላ እንቅስቃሴ ትንሽ ድርሻ ብቻ መሆን አለበት። ከበዛ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ያሳጣዋል።
- ቢሮ ውስጥ ስለ ምርጫ መዋጮ አንዲት ቃል አትተንፍሱ። «ባለፈው ምርጫ ረድተናችኋል» የሚለው ንግግር ረዳቶችን ያስደነግጣል፣ ስብሰባውንም ያበላሻል። ስጦታም አትያዙ።
- ቡድኑን ለሚዋጋ ሌላ ታጣቂ ገንዘብ አታዋጡ። ያ ድርጅት በአሜሪካ የአሸባሪዎች ዝርዝር ውስጥ ካለ መርዳት ከባድ ወንጀል ነው።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ማኅበራት ከሁሉም በላይ የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው፣ ቢጨቃጨቁም ይገባል። ቤታችሁ ተጣልታችሁ ጨርሱ እንጂ ረዳቷ ፊት አትከራከሩ።

አረፍተ ነገሩ ይህን ይመስላል፦ «ተወካያችን በመጪው የበጀት ዓመት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሰላም ማስከበር ሥራዎች መደብ ውስጥ፣ ለቅድመ ማስጠንቀቂያ ሬዲዮና ታጣቂዎች እጃቸውን እንዲሰጡ ለማግባባት፣ ከዚህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ እንዲመደብ ለንዑስ ኮሚቴው ጥያቄ እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።»

መደቡን ምረጡ። «ቡድኑን አስቁሙልን» የሚባል የበጀት መደብ የለም። የአጋር አገር ጦር በሎጂስቲክስና በመረጃ እንዲታገዝ ከፈለጋችሁ መንገዱ የመከላከያ በጀት ነው። ለተፈናቀሉ ሰዎች ምግብና መጠለያ ከፈለጋችሁ የአደጋና የስደተኞች እርዳታ መደቦች ናቸው። በኤልአርኤ ጉዳይ ሁለቱም ተጠይቀዋል፣ ግን በተለያየ ሕግና በተለያየ ኮሚቴ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ካደባለቃችሁ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ቁጥሩን ከየት ታመጣላችሁ? ባለፈው ዓመት ለዚያ መደብ የተያዘውን ከወጣው ሕግና ከኮሚቴው ሪፖርት ፈልጉ። ፕሬዚዳንቱ ዘንድሮ የጠየቁትንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእናንተ ቁጥር ከእነዚህ ሁለቱ ተነስቶ ይቁም። ከሰማይ የወረደ ክብ ቁጥር ካቀረባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት አመጣችሁት?» ይሆናል።

ሕግ ጸደቀ ማለት ገንዘብ ወጣ ማለት አይደለም። ይህን ሳይረዱ ዓመታት ያቃጠሉ ብዙ ናቸው። አንዱ ዓይነት ሕግ ሥራውን ይፈቅዳል፣ ሌላው ገንዘቡን ይመድባል። በሜይ 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የኤልአርኤ ሕግ መንግሥት ስትራቴጂ እንዲያወጣ አስገድዷል። ስለ ገንዘቡ የሚለው ግን ከ2011 በጀት እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ለሰብዓዊ እርዳታ «ሊውል ይገባል» የሚል የኮንግረስ ስሜት መግለጫ ነበር። መግለጫ አያስገድድም። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን የተፈረመው የመከላከያ ፈቃድ ሕግ ደግሞ መከላከያ ሚኒስቴር ኤልአርኤን የሚያሳድዱ የኡጋንዳና የሌሎች አገሮች ኃይሎችን በዓመት እስከ 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲደግፍ ሥልጣን ሰጠው። (ብዙ ሰው ይህ ሁሉ የመጣው ስለ ኮኒ በኢንተርኔት ከተሰራጨው ታዋቂ ቪዲዮ በኋላ ይመስለዋል። ቪዲዮው የወጣው በማርች 2012 ነው። ሁለቱም ሕጎች ከዚያ በፊት ተፈርመው ነበር፣ ወደ 100 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች እንዲላኩ የተወሰነውም በኦክቶበር 2011 ነው። ቪዲዮ ለመሥራት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አስቡበት።)

ስለዚህ የጥያቄያችሁን ቃላት መርምሩ። «እስከ» የሚል ቃል ዜሮም ቢወጣ አይጣስም። «ያላነሰ» የሚለው ወለል ያበጃል። «ይገባል» ምክር ነው፣ «አለበት» ትእዛዝ ነው።

የውጭ ጦር እንዲረዳ የምትጠይቁ ከሆነ የሊሂ ሕግን አንብቡ። ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት መፈጸሙ የታመነበት የጦር ክፍል የአሜሪካ ድጋፍ አያገኝም። ረዳቷ ይህን መጠየቋ አይቀርም። «እኛ ስለዚያ አናውቅም» ብትሉ ስብሰባው እዚያው አበቃ።

## ደረጃ 2፦ ቀን መቁጠሪያውን ያዙ

የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ጥያቄ የሚሰበሰበው ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፦

1. ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፦ አረፍተ ነገሩን ጨርሱ፣ ሰው አሰባስቡ፣ ከአካባቢው ቢሮ ጋር ተዋወቁ።
2. ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ፦ የመጀመሪያውን ስብሰባ አድርጉ። የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሰኞ መቅረብ አለበት፣ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።
3. ማርችና ኤፕሪል፦ አብዛኞቹ ቢሮዎች የጥያቄ ቅጽ የሚቀበሉበት ጊዜ ነው። ኮሚቴው የራሱ ቀነ ገደብ አለው፣ የተወካያችሁ ቢሮ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይዘጋል። እናንተን የሚመለከታችሁ የቢሮው ነው።
4. ከሜይ እስከ ጁላይ፦ ንዑስ ኮሚቴዎች ረቂቁን ያወጣሉ።
5. ኦገስት፦ ተወካዮች ወደየክልላቸው ይመለሳሉ። ዋሽንግተን ሳትሄዱ ፊት ለፊት የምታገኟቸው ያኔ ነው።

ቀነ ገደቡ ካለፋችሁ፦ ዓመቱን ሙሉ አትጣሉት። ቅጹ ቢዘጋም በኮሚቴው ሪፖርት ላይ አንድ አንቀጽ እንዲገባ፣ ወይም የሁለቱ ምክር ቤቶች ረቂቆች ሲታረቁ የተሻለው ቁጥር እንዲያዝ መጠየቅ ትችላላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ሰው ፈልጉ

ሦስት ተወካዮች አሏችሁ፦ ሁለት ሴናተሮችና አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል። ከእነሱ ጀምሩ። የሌላ ክልል ተወካይ ጋ ብትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ዚፕ ኮድ ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄ የለም።

ቀጥሎ በጀት መዳቢ ኮሚቴ ውስጥ ማን እንዳለ እዩ። በእያንዳንዱ ምክር ቤት 12 ንዑስ ኮሚቴዎች አሉ። እናንተን የሚመለከቷችሁ የመከላከያውና የውጭ ጉዳዩ ናቸው። ተወካያችሁ እዚያ አባል ከሆኑ ዕድለኞች ናችሁ። ካልሆኑ፣ የአባሉ ክልል ውስጥ የሚኖር ዘመድ፣ የድሮ ጎረቤት፣ የማኅበር አባል ፈልጉ። በዚያ ክልል የሚኖሩ አምስት ሰዎች ከሌላ ቦታ ከሚመጡ አምስት መቶ ይበልጣሉ።

ቢሮ ውስጥ የምትፈልጉት የውጭ ጉዳይን ወይም የመከላከያን የያዘውን የሕግ ረዳት ነው። ስልክ ደውላችሁ «የውጭ ጉዳይ በጀት ጥያቄዎችን የሚይዘው ማነው? የኢሜይል አድራሻውን ልታካፍሉኝ ትችላላችሁ?» በሉ። በወረቀት ደብዳቤ አትላኩ። ከ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ የኮንግረስ ፖስታ በደኅንነት ምርመራ ያልፋል፣ ደብዳቤያችሁ ሲደርስ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

## ደረጃ 4፦ አንድ ገጽ አዘጋጁ

አንድ። ሁለት አይደለም። በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያንብብላችሁ። ቅደም ተከተሉ፦ ከላይ የጥያቄው አረፍተ ነገር፤ ቀጥሎ ቡድኑ የሚያደርሰው ጉዳት በሦስት የተረጋገጡ መረጃዎች፤ ከዚያ ገንዘቡ ምን እንደሚሠራበት፤ መጨረሻ ላይ በክልሉ ስንት ሰው እንደሚደግፍና የአንድ ተጠሪ ስልክ።

መረጃ ስትመርጡ የተባበሩት መንግሥታትን፣ የኮንግረስ ምርምር አገልግሎትን፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የሰብዓዊ መብት ሪፖርት ተጠቀሙ። ከፌስቡክ የተገኘ የሟቾች ቁጥር አታስገቡ። አንዱ ቁጥር ውሸት ከሆነ ዘጠኙ እውነት አይታመንም። የታሪክ መቅድም ዝለሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ማን ማንን እንደበደለ ለበጀት ረዳት አይጠቅማትም፣ ለክርክር ግን በር ይከፍታል።

የአስከሬን ፎቶም አትለጥፉ።

## ደረጃ 5፦ ስብሰባው

የሚሰጣችሁ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ ተወካዩን አታገኙም። የምታገኙት ገና ኮሌጅ የጨረሰ ወጣት ረዳት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ነው። «ልጅ ላኩብን» ብላችሁ አትቀየሙ። ቅጹን የሚሞላው ያ ልጅ ነው።

ከአራት ወይም ከአምስት ሰው በላይ አትሂዱ። የእኛ ማኅበራት ትልቁ ድክመት እዚህ ነው፦ አሥር ሰው ይገባል፣ አሥሩም ይናገራል፣ አንጋፋው ደግሞ ከመግቢያው አይወጣም። ሚና አስቀድማችሁ አከፋፍሉ፦

1. አንዱ ያስተዋውቃል፣ በክልሉ እንደምትኖሩ ይናገራል። አንድ ደቂቃ።
2. በጉዳዩ የተጎዳች አንዷ (ወይም የተጎዳ አንዱ) የደረሰባትን ትናገራለች። ሦስት ደቂቃ። ተናጋሪዋ ፈቅዳ ይሁን። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ለበቀል የሚጋለጥ ከሆነ የቦታና የሰው ስም ትተው።
3. አንዱ የጥያቄውን አረፍተ ነገር ቃል በቃል ያነባል፣ ወረቀቱን ይሰጣል።
4. አንዱ ዝም ብሎ ይጽፋል። የረዳቷን ጥያቄዎችና የገባችውን ቃል ሁሉ ይመዘግባል።

ጥያቄው ከአምስተኛው ደቂቃ በፊት መውጣት አለበት። የድምፅ መስጫ ደወል ቢደወልና ሰው ተነሥቶ ቢሄድ፣ ቢያንስ የመጣችሁበት ነገር ተነግሯል።

ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ይህን ጥያቄ ለንዑስ ኮሚቴው ታቀርባላችሁ? መልሱን መቼ ልጠይቅ?» «እናየዋለን» መልስ አይደለም፣ ጨዋ ስንብት ነው። በትሕትና ቀን አስቆርጡ።

ረዳቷ የማታውቁትን ከጠየቀች፦ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ እስከ ነገ በኢሜይል እመልሳለሁ» በሉ። በግምት አትመልሱ። ነገ መመለሱ ራሱ ሁለተኛ ግንኙነት ይፈጥርላችኋል፣ እንዲያውም ከስብሰባው የበለጠ የሚጠቅማችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ከእናንተ አንዱ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ መጨቃጨቅ ከጀመረ፦ አስተዋዋቂው «ይቅርታ፣ ወደ ጥያቄያችን ልመለስ» ብሎ ያቋርጠው። ይህን ሥልጣን ቤት ሳላችሁ ስጡት። አዛውንትም ቢሆኑ እንደማይቀየሙ አስቀድመው ቃል ይግቡ።

## ደረጃ 6፦ ቅጹን ሙሉ፣ ተከታተሉ

ብዙ ቢሮዎች ጥያቄውን በድረ ገጻቸው ላይ ባለ ቅጽ ይቀበላሉ። ቅጹ ንዑስ ኮሚቴውን፣ የመደቡን ስም፣ ያለፈውን ዓመት ቁጥር፣ የፕሬዚዳንቱን ጥያቄ፣ የእናንተን ቁጥርና የምትፈልጉትን ቃል ይጠይቃል። ደረጃ 1ን በደንብ ከሠራችሁ ሃያ ደቂቃ ነው።

ተጠንቀቁ፦ እዚያው አጠገብ ለአካባቢ ፕሮጀክቶች የሚሞላ ሌላ ቅጽ አለ። ለድልድይና ለክሊኒክ የሚሆን ነው። እሱን ከሞላችሁ ጥያቄያችሁ ይወድቃል።

በ24 ሰዓት ውስጥ የምስጋና ኢሜይል ላኩ፣ ወረቀቱን አያይዙ። ከቀነ ገደቡ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉ። ካለፈ በኋላ «ጥያቄው ገብቷል?» ብላችሁ አረጋግጡ። በየቀኑ አትደውሉ።

## ደረጃ 7፦ አብዙት

አንድ ተወካይ ብቻውን ክብደት የለውም። ጉዳዩን የያዘ አባል ለባልደረቦቹ የሚያሰራጨው የፊርማ ደብዳቤ ካለ፣ የእናንተ ሥራ ተወካያችሁን ማስፈረም ነው። ከሌለ አንድ አባል እንዲጀምር ጠይቁ። ከሁለቱም ፓርቲ ይሁን። የኤልአርኤውን ረቂቅ በሴኔት የመሩት ዴሞክራቱ ራስ ፋይንጎልድና ሪፐብሊካኑ ሳም ብራውንባክ ነበሩ። የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ከመሰለ በሚቀጥለው ምርጫ አብሮ ይወድቃል።

## ደረጃ 8፦ አንድ ሰው ሲዘጋባችሁ

ይህ ይመጣል፣ ተዘጋጁ። በሴኔት አንድ ሰው ብቻውን ረቂቅን ማንጠልጠል ይችላል። በ2010 መጀመሪያ ከ60 በላይ ሴናተሮች የደገፉትን የኤልአርኤ ረቂቅ የኦክላሆማው ቶም ኮበርን ያዙት። ኮኒን ስለሚወዱ አይደለም። አዲስ ወጪ ካለ ከሌላ ቦታ ተቀንሶ ይካካስ የሚል ለሁሉም ረቂቅ የያዙት አቋም ነበር። ደጋፊዎች ኦክላሆማ ሲቲ ቢሯቸው ደጅ በብርድ 11 ቀን አደሩ። በመጨረሻ የገንዘቡ ቋንቋ ተስተካክሎ ስምምነት ተገኘ፣ ረቂቁም በማርች 10 ሴኔቱን ያለ ተቃውሞ አለፈ። በደረጃ 1 ያየነው አስገዳጅ ያልሆነ አነጋገር የዚህ ስምምነት ዋጋ ነበር።

የናንተ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦

1. የዘጋው ማን እንደሆነ ከደጋፊ ቢሮ ረዳት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ያውቃሉ።
2. ተቃውሞው ጉዳዩ ላይ ነው፣ ገንዘቡ ላይ ነው፣ ወይስ ቃሉ ላይ? ሳታውቁ ሰልፍ አትውጡ።
3. የዚያ ክልል ነዋሪዎች ቀጠሮ ይያዙ። የሌላ ክልል ሰው ይቆይ።
4. አማራጭ ቃል ይዛችሁ ግቡ፦ ማካካሻ፣ የተቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የጊዜ ገደብ። ነገር ግን ከምን በታች እንደማትወርዱ አስቀድማችሁ ተስማሙ።
5. ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ደጅ ውጡ። የከተማውን የሰልፍ ፈቃድ አውጡ፣ መግቢያ አትዝጉ፣ የቢሮ ሠራተኛ አትሳደቡ። ነገ ከእነሱ ጋር ነው የምትሠሩት።

## ደረጃ 9፦ ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ

ኦክቶበር 1 በጀቱ ሳይጸድቅ መንግሥት በጊዜያዊ ማራዘሚያ መሥራቱ የተለመደ ነው። በማራዘሚያ ወቅት ያለፈው ዓመት ሥራ ይቀጥላል፣ አዲስ ፕሮግራም ግን በአብዛኛው አይጀመርም። ጥያቄያችሁ አዲስ ከሆነ ተስፋ ሳትቆርጡ ጠብቁ፣ በየወሩ አንዴ ደጋፊ ቢሮውን ጠይቁ።

ከጸደቀ በኋላም አታጨብጭቡ። የተመደበ ገንዘብ ሊሰረዝ ይችላል። በጁላይ 2025 ኮንግረስ ቀድሞ ከጸደቀ በጀት 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰርዟል፣ አብዛኛውም የውጭ እርዳታ ነበር። ስለዚህ፦

- በሕጉና አብሮት በሚወጣው ማብራሪያ ላይ መስመራችሁን ፈልጉ። ቁጥሩና ቃሉ እንደተባለው ነው?
- የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የወጪ ዕቅዱን እንዲያሳይ ተወካያችሁ በደብዳቤ እንዲጠይቁ አድርጉ። የዜጋ ጥያቄ ሊዘገይ ይችላል፣ የኮንግረስ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛል።
- የስረዛ ሐሳብ ሲቀርብ ኮንግረስ የሚወስንበት የ45 ቀን መስኮት አለው። ወሬውን በሰማችሁ ዕለት ደውሉ፣ የመደቡን ስምና ቁጥሩን ጥሩ፣ «ይህ መስመር ከስረዛው እንዲወጣ» በሉ።
- በሚቀጥለው ጃንዋሪ የተሠራውን በአንድ ገጽ ይዛችሁ ያንኑ ረዳት አግኙ። ሥራ ቀይራ ከሆነ አዲሷን ተዋወቁ፣ አሮጌዋ የሄደችበትን ቢሮም መዝግቡ።